ዘይት ለሚበላ አሮጌ አይሱዙ አዲቲቭ ያዋጣል?

የጎጃም መንገድ፦
ሰላም ወንድሞች። አሮጌ ኤን ፒ አር አይሱዙ አለችኝ። ከደጀን ጤፍ ጭኜ አዲስ አበባ እህል በረንዳ አራግፋለሁ። ብዙ ያበላችኝ መኪና ናት፤ አሁን ግን ዘይት መብላት ጀምራለች። ደርሶ መልስ ሁለት ሊትር ያህል እጨምራለሁ። ጭነት ይዤ ከአባይ ድልድይ ወደ ጎሐ ጽዮን ስወጣ ሰማያዊ ጭስ ትለቃለች። ከኋላዬ ያለው ሁሉ ይሰድበኛል። ሶማሌ ተራ አንድ ባለሱቅ "ይቺን ጠርሙስ አዲቲቭ ዘይቷ ላይ ጨምርባት፣ ሞተር ማስወረድ አያስፈልግህም" አለኝ። ውስጡ ያለው ነገር እንደ ማር የወፈረ ነው። ዋጋው ደግሞ አያስቅም። የሞከረ አለ? ሞተር ላሳድስ ብል አሁን እጄ ላይ ያለው ብር አይበቃም።

ባለ ሲኖ፦
እኔ ጨምሬ ጭሱ ቀንሶልኝ ነበር። ዘይት ስቀይር ያው ሆነ። አንዳንድ ደላላ መኪና ከማሻሻጡ በፊት የሚደፋው ይኼንኑ ነው።

አሮጌ መፍቻ፦
ወንድሜ፣ ያሳየህ የዘይት ማወፈሪያ ነው። ወፍራም ዘይት በተበላ ፋሻ (ፒስተኑን የሚከበው የብረት ቀለበት) በኩል ቶሎ አያልፍም፤ ስለዚህ ጭሱ ለጊዜው ይቀንሳል። ያለቀ ፋሻ ግን አይበቅልም። በዚያ ላይ በጠዋት ብርድ ስታስነሳት የወፈረው ዘይት ላይኛው ክፍል እስኪደርስ ይዘገያል።

ደህና የናፍጣ ሞተር ዘይት አዲቲቩ ከፋብሪካ አብሮት ነው የሚመጣው። ቆሻሻ የሚያጥብ፣ ጥላሸት በትኖ የሚይዝ፣ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ የሚከላከል፣ ሁሉም ተለክቶ ገብቷል። ሌላ ስትደፋበት ልኩን ታዛባለህ።

መጀመሪያ ዘይቱ በየት እንደሚሄድ እወቅ። ጠዋት ስትነሳ ብቻ ጭሳ ወዲያው ከጠራች የቫልቮላ "ሲል" (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው ጎማ) ሊሆን ይችላል፤ እሱ ሞተር ሳይወርድ ይሠራል። ተጭና ዳገት ላይ ከሆነ ግን ፋሻ ወይም ቱርቦ (አየር ወደ ሞተር የሚገፋው) ጠርጥር። ቱርቦ ካላት ከቱርቦው ወደ ሞተር የሚሄደውን ቱቦ ፍታ። ስስ ቅባት ምንም አይደለም፤ ዘይት ከተኛበት ቱርቦውን አስፈትሽ። ሞተሯ እየሠራችም የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ክፈት። ጭስ እየገፋ ከወጣ ኮምፕረሽን (ሲሊንደሮቹ አየር አምቀው የመያዝ አቅማቸውን) አስለካ።

አሁን ሰው ወደማያየው ልምጣ። አቧራ! ረዳቱ የአየር ፊልትሮውን ጎማ ላይ እየደበደበ ያራግፈዋል። ወረቀቱ ይቀደዳል፣ ጠርዙ ይጣመማል፤ ከዚያ አቧራው ያለ ከልካይ ይገባል። ወይ ደግሞ ከፊልትሮው ወደ ሞተር የሚሄደው የጎማ ቱቦ ፋሸታው (ቱቦውን የሚያጠብቀው ቀለበት) ይላላል። ቱቦውን ፈትተህ ውስጡን በጣትህ ጥረግ። ጣትህ አቧራ ይዞ ከወጣ ፋሻህን የበላው እሱ ነው። ያንን ሳትዘጋ ሞተር ብታሳድስ ብርህን አቧራ በላው ማለት ነው።

ከቴክሳስ፦
እዚህም ጠርሙሱ በየማደያው ተደርድሯል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአዲቲቭ ሻጮችን ያለ ማስረጃ ታስተዋውቃላችሁ ብሎ ከሷል። ስሊክ 50 የሚባለው አንዱ ነበር፤ ክሱ እ.ኤ.አ. በ1997 በስምምነት ተዘጋ። እኛ ትራክ የምንነዳ ሰዎች ዘይት ስንቀይር ናሙና ላብራቶሪ እንልካለን። ሲሊከን ከፍ ካለ አቧራ እየገባ ነው። ብረትና ክሮም ከጨመረ ካሚቻ (የሲሊንደሩ ውስጠኛ ግድግዳ) እና ፋሻ እየተበላ ነው። የመካኒኩ ጣትም ያንኑ ነው የሚነግርህ፣ ያውም በነጻ።

የጎጃም መንገድ፦
ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ቱቦውን ፈታሁት። ጣቴ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ፋሸታው ሥር ተሰንጥቋል፤ ከላይ ሲታይ ደህና ይመስል ነበር። ብሩ እስኪሞላልኝ ምን ዘይት ልጠቀም?

አሮጌ መፍቻ፦
ቱቦውን ዛሬውኑ ቀይር። በፕላስተር እንዳትጠቀልለው! የአየር ፊልትሮውንም አብረህ ቀይር፤ ለጠርሙሱ ያሰብከው ብር እዚያ ላይ ይዋል። የዘይቱ ውፍረት 15 ደብሊው 40 ይሁን፤ ለናፍጣ ሞተር የሚሆን፣ የጥራት ደረጃው ሲአይ 4 ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበት። አስመስለው ከሚያሽጉት ተጠንቀቅ፤ ከምታምነው ሱቅ ግዛ። ትርፍ ዘይት ጋቢና ውስጥ አይጥፋ። ደጀን ላይ ከጫንክ በኋላ ዘይቷን ሳትለካ ወደ አባይ በረሃ አትውረድ። ኮምፕረሽን አስለክተህ ደግሞ የአራቱንም ሲሊንደር ቁጥር እዚህ ጻፍልኝ። አንዱ ብቻ ወድቆ ከሆነና አራቱም እኩል ደክመው ከሆነ ወጪው አንድ አይደለም።