ኮንሰርታ የጀመረ ልጅ ያላችሁ እስቲ እርዱኝ

የናቲ እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ ከቨርጂኒያ ነኝ። የ8 ዓመት ልጄ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) አለበት ተብሎ ኮንሰርታ 18 ሚሊግራም ታዞለት ጀምሯል። አነቃቂ መድኃኒት ነው ሲሉኝ ግራ ገባኝ፤ ቁጭ ማለት የማያውቅ ልጅ ምኑ ነው የሚነቃው? ምሳውንም ሳይነካው ይመለሳል። እማዬ ደግሞ ከአዲስ አበባ እየደወለች "ልጁን ሱስ ልታስይዙት ነው" ትለኛለች።

ፋርማሲስቱ፦ እህቴ፣ የሚነቃው የአንጎሉ የፊት ክፍል ነው፤ "ቆይ፣ የጀመርከውን ጨርስ" የሚለው እሱ ነው። የአንጎል ሴሎች ዶፓሚንና ኖርኤፒነፍሪን በሚባሉ ኬሚካሎች መልእክት ይለዋወጣሉ፣ ከዚያ ኬሚካሉ ተመልሶ ይሰበሰባል። ኮንሰርታና ሪታሊን ውስጥ ያለው ሜቲልፌኒዴት ይህን መሰብሰቢያ በር ስለሚዘጋ ኬሚካሉ ትንሽ ይቆያል። ሌላው የኤዲኤችዲ መድኃኒት አዴራል ግን አምፌታሚን ነው፣ ጭራሽ ተጨማሪ ያስወጣል። ተራው ሪታሊን ለ4 ሰዓት ገደማ ይሠራል፣ ኮንሰርታ ደግሞ ለ12 ሰዓት ያህል፤ ለዚህ ነው ጠዋት ብቻ የሚሰጠው። እንዳያኝከው። ባዶ ቅርፊቱን ሰገራ ውስጥ ብታዪ አትደንግጪ፣ መድኃኒቱ ወጥቶ ያለቀ ነው።

የሱሱን ነገር በተመለከተ ደግሞ፣ በታዘዘው መጠን ሲዋጥ ቀስ ብሎ ስለሚገባ ሞቅታ አይሰጥም። ያለአግባብ ከተወሰደ ግን ሱስ ያስይዛል፣ ስለዚህ ቆልፈሽ አስቀምጪው።

ሜሪላንድ ያለሁት፦ የኔም ልጅ ምሳ አይበላም ነበር። ቁርስ ከኪኒኑ በፊት! እንቁላል፣ ጨጨብሳ በቅቤ፣ ያገኘሽውን። ማታ መድኃኒቱ ሲለቀው ረሃቡ ይመጣል፣ ያኔ በደንብ አብይው። ማምሻውን ትንሽ ከተነጫነጨም አትቆጪው፣ እየለቀቀው ነው። ቁመቱንና ክብደቱን በየቀጠሮው ይለኩት። ደግሞ ይሄ መድኃኒት ሪፊል የለውም፣ በየጊዜው አዲስ ማዘዣ ነው፤ ሳያልቅ ደውዪ፣ አርብ ማታ አልቆብሽ እንዳትሯሯጪ።

ዲሲ፦ እኔ በትልቅነቴ ነው የጀመርኩት። ለአዋቂዎች አንድ ነገር ልጨምር፣ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው። ኪኒኑን ውጦ መቃም ልብ ምትንና ደም ግፊትን ያንረዋል፣ ተዉት። የናቲ እናት፣ በቤተሰባችሁ የልብ ሕመም ካለ ለሐኪሙ ንገሪው።

የናቲ እናት፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ክረምት አዲስ አበባ ልንሄድ ነው፣ በዱባይ በኩል፣ እዚያም ጥቂት ቀን እንቆያለን። ይዤው ልግባ?

ፋርማሲስቱ፦ ዝም ብለሽ እንዳትገቢ። ኢምሬቶች ውስጥ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው፣ ከጉዞው በፊት ከሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤታቸው ፈቃድ በኢንተርኔት ጠይቂ። መድኃኒቱም ስሙ ባለበት በራሱ ብልቃጥ ይሁን፣ የሐኪሙን ደብዳቤም ያዢ።