ለከተማ መጨናነቅና ለሐዋሳ መንገድ የሚሆን መኪና እንድመርጥ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። መኖሪያዬ ሲኤምሲ፣ መሥሪያ ቤቴ ሜክሲኮ በመሆኑ ጠዋትና ማታ መገናኛ ላይ ፍሬን እየረገጥኩና እየለቀቅኩ እንፏቀቃለሁ፤ በወር ሁለት ጊዜ ደግሞ እናቴን ይዤ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሐዋሳ እወርዳለሁ። አሮጌዋ ቪትዜ በፍጥነት መንገዱ ላይ የጭነት መኪና ለመቅደም አቅም ያጥራታል፤ ባለፈው እናቴ የበሩን እጀታ ጨብጣ ዓይኗን ስትጨፍን አይቼ ለመቀየር ቆረጥኩ።

የነዳጅ አውቶሞቢል በ2016 ዓ.ም. እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ምርጫዬ እዚሁ ያገለገለ ባለ 2 ሊትር ራቭ ፎር ወይም ባለ 60.48 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ ሆኗል። ኤሌክትሪኩ በመጨናነቅ ውስጥ ቆሞ ነዳጅ አያቃጥልም፣ ፍሬን ሲያዝ ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል፣ የአዲስ አበባ ስስ አየርም ጉልበቱን አይቀንሰውም፤ ልቤም ወደ እሱ ያደላል። ጭንቀቴ ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ሽቅብ የሚወጣው የመመለሻው ጉዞ ነው።

በዚህ መስመር የነዳችሁ፣ በቻይና ስሌት 510 ኪሎ ሜትር የተባለው ባትሪ አራት ሰው ተጭኖ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየተነዳ፣ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ሲወጣ ምን ያህል እንዳስኬዳችሁ ብትነግሩኝ፣ ያገለገለውን ለመግዛትም የባትሪውን ጤንነት ከክፍያ በፊት እንዴት እንዳስመረመራችሁ ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።