የጎርፍ ደለል፦ ዳር ገፍቶ መተው ወይስ ጭኖ ማውጣት?

የሚያከራክረው ጉዳይ፦ ደጋው ላይ ዘንቦ የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ድሬዳዋ አስፋልት ላይ የሚቀረውን አሸዋና ጭቃ ግሬደር (መንገድ የሚጠርገው ማሽን) ዳር ገፍቶት መንገዱ ቶሎ ይከፈት ወይስ ተጭኖ ይውጣ?

የግሬደር ኦፕሬተር፦ መጀመሪያ መንገዱ ይከፈት። በከዚራና በመጋላ ሰፈሮች መሀል አምቡላንስ ካላለፈ ሌላው ሁሉ ይቆየን። 3.7 ሜትር ብሌድ (የግሬደሩን ምላጭ) አጋድመህ ስትይዘው ወደ 3 ሜትር ይጠርጋል፤ በሦስት ዙር 7 ሜትሩ አስፋልት ይለቃል። ይጫን ካልክ ግን ሎደር (የሚጭነውን ማሽን) ጠብቅ፣ ገልባጭ ጠብቅ። በረዶ የሚጥልባቸው አገሮችም መኪናው ፊት ላይ ምላጭ ገጥመው ዳር ነው የሚገፉት።

የመንገድ መሐንዲስ፦ አቦ፣ በረዶ ይቀልጣል! አሸዋው የት ይሄዳል? እነሱም ቢሆኑ እንደ ካናዳዋ ሞንትሪያል ባለ ከተማ ጭነው ነው የሚያወጡት። እስቲ እናስላው። 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደለል 7 ሜትር በ1 ኪሎ ሜትር ላይ 700 ሜትር ኩብ ነው። ለሁለት ዳር ከፍለህ ብትገፋው በየዳሩ ግማሽ ሜትር ገደማ ከፍታ፣ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ክምር ይሆናል። የውሃ መግቢያዎቹ ያሉት ደግሞ እዚያው ዳር ላይ ነው። አፋቸው ሲደፈን የሚቀጥለው ዝናብ ውሃ በአስፋልቱ ላይ ይወርዳል።

የፍሳሽ መስመር ባለሙያ፦ እሱም ቱቦው ካልሞላ ነው። ከክምሩ እየተሸረሸረ የገባው አሸዋ ሲደርቅ ይጠጥራል፤ ክዳን ከፍቶ በአካፋና በባልዲ ከማውጣት ሌላ መላ የለውም። ለሽያጭ ተቀምጦ እንደሆነ እንጂ ክምሩን ዳር ማቆየት ጥቅሙ አይታየኝም።

የገልባጭ ሹፌር፦ ሒሳቡ ላይ ክብደት ረስታችኋል። እርጥብ ደለል በሜትር ኩብ 1.8 ቶን ገደማ ነው። 16 ሜትር ኩብ የሚይዝ ሲኖትራክ አፍ እስከ አፍ ከሞላህ ወደ 29 ቶን ነው፤ ጎማና ባሌስትራ ትበላለህ። 11 ሜትር ኩብ ይብቃው። ታዲያ 700ው 64 ምልልስ ነው። ውሃው ሳይንጠፈጠፍ ከተጫነ ደግሞ በመኪናው የኋላ በር እየፈሰሰ የተጠረገውን መንገድ መልሶ ያጨቀየዋል። በእጅ ሲጨብጡት ቅርጹን የሚይዝበት ሰዓት ነው ትክክለኛው፤ ከዚያ ካለፈ አቧራ ነው። እና የት ይደፋ? ቅርብ ያለው ደቻቱ ነው።

የመንገድ መሐንዲስ፦ ደቻቱ ውስጥ መድፋት ፈጽሞ አይሆንም! የወንዙ ወለል በተነሳ ቁጥር የመከላከያ ግንቡ ቁመት ያጥራል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከ200 በላይ ሰው የበላው ያው ወንዝ ነው። ከጎርፍ መውረጃ ውጪ ሜዳ ይከለል።

የግንባታ ተቋራጭ፦ ከተከለለ ዘንድ ተለይቶ ይከመር፤ ከፊሉ ለሥራ ይሆናል። ፍተሻው ቀላል ነው፦ ግልጽ ጠርሙስ ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር አሸዋ፣ ከላይ ትንሽ ጨው የገባበት ውሃ፣ በደንብ መናጥ፣ 3 ሰዓት ማስቀመጥ። ከአሸዋው በላይ የሚረጋው ጭቃ ከ3 ሚሊ ሜትር ከበለጠ፣ ማለትም ከ6 በመቶ ካለፈ፣ ሳይታጠብ ኮንክሪት ውስጥ አይግባ። ሲሚንቶው ከአሸዋው ጋር አይያያዝም። ለሙሌት ግን ይሆናል።

የግሬደር ኦፕሬተር፦ መጫኑን አልጠላሁም፣ ቅደም ተከተሉን ነው የምከራከረው። አንድ መስመር፣ 3.5 ሜትር፣ ወዲያው ይከፈት። ክምሩንም ዳር ሳይሆን መሀል ላይ ላድርገው፤ ሎደሩ ከዚያ ያንሳ። ግን በ200 ሜትር በ200 ሜትር እየተቆረጠ፣ መታጠፊያዎቹ ሳይዘጉ። አስፋልቱ ላይ የሚቀረውን ስስ ንብርብር ደግሞ ብሌድ አስነክቼ አልፍቀውም፤ ጠጠሩን ይነቅለዋል፣ ማንሆል ክዳን ካገኘም ይገነጥለዋል። እሱ የመጥረጊያ ሥራ ነው።

የፍሳሽ መስመር ባለሙያ፦ በመጥረጊያ፣ እሺ። በቦቴ ውሃ ይታጠብ የሚል ከመጣ ግን አልስማማም፤ ያ ሁሉ ደለል ቀጥታ ቱቦ ውስጥ ነው የሚገባው። መሀል የተከመረውም ሳይነሳ ካደረ መብራት በሌለበት መንገድ ባጃጅ ይገለበጥበታል። ገልባጮቹ ተሰልፈው ካልቆሙ ግሬደሩ ከመጀመሪያው መስመር አልፎ አይጀምር።

የግሬደር ኦፕሬተር፦ ገልባጭ እስኪሰለፍ ከተጠበቀ ደለሉ ይደርቃል። እዚህ ላይ አልተስማማንም።