ትዝታን ወደ ማይነር ልቀይር ብዬ ባቲ ወጣብኝ

ሰዓት ጠጋኙ፦

ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ ሰዓት መጠገን ነው። ፒያሳ የነበረችው ሱቄ ከፈረሰች ወዲህ አራት ኪሎ አንዲት ጥግ ተከራይቼ እሠራለሁ። ደንበኛ ሲቀንስ ጊዜ ተረፈኝና፣ አርባን ካለፍኩ በኋላ ኪቦርድ መማር ጀመርኩ። ያገለገለ ነው የገዛሁት፤ ባለ 61 ቁልፍ። ሻጩ «አዲስ በለው» ብሎ ማለልኝ። ቤት ወስጄ ስሞክረው መሃል ላይ ያለችው ላ ፍላት፣ ማለትም ከላ በስተግራ ያለችው ጥቁር ቁልፍ፣ ከተጫነች አልነሳም ትላለች። በሰዓት ወረንጦዬ እየሳብኩ ነው የማነሳት።

ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስተምረኝ ልጅ «ዶ ሜጀርና ላ ማይነር የሚባሉት የሰባት ድምፅ መሰላሎች ዘመዳሞች ናቸው፤ ኖታቸው አንድ ነው፤ ማይነሩን ከፈለግክ ከላ ጀምር» አለኝ። ገባኝ ብዬ ወጣሁ። ማታ ትዝታ ሜጀርን (ትዝታ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝታችን ነው፣ ባቲም እንደዚሁ) ከዶ ተጫወትኩ፤ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። ቆንጆ። ከዚያ ትዝታ ማይነር ላድርገው ብዬ እነዚያኑ አምስት ድምፆች ከላ ጀመርኳቸው፤ ላ ዶ ሬ ሚ ሶል። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና «ባቲ ደግሞ መቼ ለመድክ?» አለችኝ። ደግሜ ሰማሁት። እውነቷን ነው፣ ባቲ ነው!

ሌላም አለ። ሜጀር ደስታ፣ ማይነር ሀዘን ነው ይባላል። ትዝታ ሜጀር ሰምቶ ያልተከዘ ሰው ካለ እስቲ አሳዩኝ። ሰዓት ቢሆን ክዳኑን ከፍቼ አየው ነበር። ይኼ ግን ክዳኑ የት ጋ እንዳለ ጠፋኝ።

ባለ አኮርዲዮኑ፦

ወንድሜ፣ አስተማሪህ አልዋሸህም፤ ግማሹን ነው የነገረህ። ሜጀርና ማይነር የሚዛመዱት በሁለት በኩል ነው።

አንዱ እሱ ያለህ ነው፤ ሪላቲቭ ይባላል። ኖታው አንድ፣ ቤቱ ሌላ። ዶ ሜጀርም ላ ማይነርም የሚሠሩት በነጮቹ ሰባት ድምፆች ነው። የሚለያቸው ዜማው መጨረሻ ላይ የት ገብቶ እንደሚያርፍ ነው። ከፒያሳ አራት ኪሎ ያለውን መንገድ አስበው። መንገዱ ያው ነው፤ ግን ቤቱ ፒያሳ የሆነ ሰው አራት ኪሎ ሲደርስ ገና እንግዳ ነው፣ አንተ ደግሞ ሱቅህ ደረስክ። የሜጀሩን ዘመድ ለማግኘት ጥቁሩንም ነጩንም እየቆጠርክ ወደ ግራ ሦስት ቁልፍ ውረድ። ከዶ ብትነሳ ሲ፣ ሲ ፍላት፣ ላ። ደረስክ።

አሁኑኑ ሞክረው። በግራ እጅህ ትንሿ ጣት ወፍራሙን ዶ ያዝ፤ በቀኝህ ዶ ሬ ሚ ሶል ላን እንዳሻህ ተጫወት። ከዚያ ቀኝህን ሳትቀይር ግራህን ብቻ ወደ ላ አውርድ። ያው ዜማ ሲከፋው ትሰማዋለህ።

ሁለተኛው ፓራለል ነው። እዚህ ቤቱ አንድ ነው፣ የሚቀየረው ኖታው ነው። ዶ ላይ እንደተቀመጥክ ሚን፣ ላንና ሲን ግማሽ ግማሽ ድምፅ፣ ማለትም አንድ አንድ ቁልፍ ወደ ግራ፣ ስታወርዳቸው ዶ ሜጀር የነበረው ዶ ማይነር ይሆናል። የትዝታ ሜጀርና የትዝታ ማይነር ዝምድና ይኼኛው ነው። ትዝታ ውስጥ ሲ ስለሌለች የምታወርደው ሁለት ብቻ ነው፤ ዶ ሬ ሚ ፍላት ሶል ላ ፍላት። አንተ ከላ ስትጀምር ያገኘኸው የትዝታ ሜጀርን ሪላቲቭ ነው፤ እሱ ደግሞ ባቲ ማይነር የምንለው ነው። ባለቤትህ ጆሮ አላት። ቅዳሜ እሷን ብትልካትስ?

ክራር ደርዳሪዋ፦

ክራር ላይ ይኼ ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል። የኔ ስድስት ክር ነው፤ አምስቱ የቅኝቱ ድምፆች ናቸው፣ ስድስተኛው ያው የመጀመሪያው ድምፅ ነው፣ ቀጥኖ። ከትዝታ ሜጀር ወደ ማይነር ስሄድ የማላላው ሁለት ክር ብቻ ነው። ሌሎቹን አልነካም። ስጀምር ግን ሁልጊዜ ከልክ በላይ አላላ ነበር፣ ሚ ፍላት ልል ሬ ጋ እደርሳለሁ። ቀስ ነው።

አንድ ልጨምርልህ። ያንኑ ትዝታ ማይነር ከሶል ብትጀምረው፣ ማለትም ሶል ላ ፍላት ዶ ሬ ሚ ፍላት፣ አምባሰል የሚባለው ቅኝት ይሆንልሃል። እዚህ ቤት ሁሉም ይዛመዳል።

ስለ ደስታና ሀዘኑ፣ ብዙ አትመነው ባይ ነኝ። ፍጥነቱ አለ፣ ግጥሙ አለ፣ ድምፃዊው ድምፁን የሚያንቀጠቅጥበት መንገድ አለ። ማይነር ሆኖ ትከሻ የሚያስመታ ዘፈን ሞልቷል።

ሰዓት ጠጋኙ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁም። የግራ እጁን ነገር ሞከርኩት፣ ፀጉሬ ቆመ። አንዲት ጣት ብቻ ናት እኮ የተንቀሳቀሰችው!

ግን ዕድሌን ተመልከቱ። ከ61 ቁልፍ መሃል የተበላሸችው አንዲት ናት። ትዝታ ማይነር የሚፈልገውም እሷኑ። ሁለት ድምፅ እጫወታለሁ፣ ወረንጦ አነሳለሁ፣ ሁለት ድምፅ እጫወታለሁ፣ ወረንጦ አነሳለሁ። ዜማው ከዚያ በላይ ምን ሀዘን ያስፈልገዋል?

ባለ አኮርዲዮኑ፦

ሳቅኩብህ፣ ይቅርታ። ቁልፏን እስክታሠራ ቤት ቀይር። ትዝታ ማይነርን ከዶ ሳይሆን ከላ ተጫወተው፤ ላ ሲ ዶ ሚ ፋ። አንድም ጥቁር ቁልፍ የለበትም። ለምን? ላ ማይነር የዶ ሜጀር ዘመድ ስለሆነ ነጮቹን ይዋሳል። አስተማሪህ «ከላ ጀምር» ያለው እዚህ ጋ ልክ ይመጣል። የሳትከው የዶ ትዝታን አምስት ድምፆች እንዳሉ ይዘህ መሄድህ ላይ ነው። ከሰባቱ ሌላ አምስት መምረጥ ነበረብህ፤ ሬና ሶል ወጥተው ሲና ፋ ይገባሉ።

የእህታችንም አምባሰል እንዲሁ ነው። ከሚ ጀምር፤ ሚ ፋ ላ ሲ ዶ። ወረንጦውን ለሰዓቱ ተወው።

ሰዓት ጠጋኙ፦

ማታ ከላ ተጫወትኩት። ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። «አሁን ትዝታ ሆነ። ግን ምን አስቸኮለህ?» አለች። ለሷ ይኼ ምስጋና ነው።

ከተረዳሁ ልፈተን። የሶል ሜጀር ዘመድ፦ ከሶል ወደ ግራ ፋ ሻርፕ (ከፋ በስተቀኝ ያለችው ጥቁር)፣ ፋ፣ ሚ። ሚ ማይነር። ሁለቱም ሻርፓቸው አንድ ነው፣ ፋ ላይ። ልክ ነኝ?

ባለ አኮርዲዮኑ፦

ልክ ነህ። ፋ ሻርፕህ ትሠራለች?

ሰዓት ጠጋኙ፦

አሁን አየኋት። ትነሳለች፣ ደህና ናት።