በ1928 የጦር መሣሪያ ገዢ ብትሆኑ ምን ትገዙ ነበር?

የደብረ ሲናው መምህር፦

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ደብረ ሲና የታሪክ መምህር ነኝ። በታሪክ ክበባችን አንድ ጨዋታ ጀምረናል። ተማሪዎቹ በቡድን ይከፈሉና ከ1922 እስከ 1928 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ለኢትዮጵያ መንግሥት መሣሪያ የሚገዙ ሰዎች ይሆናሉ። ከወረቀት የተሠራ ትንሽ ገንዘብ አድላቸዋለሁ። ጣሊያን እንደሚመጣ ያውቃሉ። ምን ይግዙ?

ክርክሩ ጦፏል። አንዱ ቡድን «ታንክ ነው፣ ሌላ ወሬ የለም» ይላል። ሌላው አውሮፕላን ላይ ሙጭጭ ብሏል። አንዲት ጎበዝ ልጅ ደግሞ «ሰርጓጅ መርከብ ገዝተን የጣሊያንን መርከቦች ምጽዋ ሳይደርሱ እናስጥማቸው» ብላ ክፍሉን አስጨበጨበች። ጠመንጃ የመረጠ ቡድን ግን የለም። ጠመንጃ ለነሱ የአያት ዕቃ ነው።

ከደብረ ሲና በላይ ያለውን የተራራ ማለፊያ፣ ጣርማ በርን፣ በየቀኑ ቀና ብለው የሚያዩ ልጆች ናቸው። የጣሊያኑ ጦር አዛዥ የባዶሊዮ ጦር ወደ አዲስ አበባ ያለፈው በዚያው መሆኑን ከመጽሐፍ ያውቁታል፤ ምን እንደተደረገ ግን በዓይነ ሕሊናቸው አልመጣላቸውም። የመሣሪያ ነገር የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። ዋጋውን ተዉት። እያንዳንዱ መሣሪያ በዚህ መሬት ላይ ምን መሥራት እንደሚችል፣ ምን እንደሚያቅተው ንገሩኝ።

መንዜው፦

መምህር፣ ጥሩ ነገር ጀምረሃል። ጠመንጃው መናቁ ግን ከነከነኝ። ያደግኩት መሐል ሜዳ ነው። አያቴ፣ አባባ የምንላቸው፣ የአምስቱ ዓመት አርበኛ ነበሩ፤ በራስ አበበ አረጋይ ሥር የተዋጉ። ስለዚህ ከጠመንጃው ልጀምርልህ።

በ1928 ብዙው ዘማች የያዘው አሮጌ መሣሪያ ነበር። ከነዚያ ውስጥ ውጅግራን ውሰድ። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ያወጡት ነው። ጥይቱ 11 ሚሊ ሜትር፣ የወፍራም ወፍራም ነው። አንድ ታጎርሳለህ፣ አንድ ትተኩሳለህ፣ ቀለሁን አውጥተህ እንደገና ታጎርሳለህ። የሚብሰው ግን ጭሱ ነው። የድሮው ጥይት በጥቁር ባሩድ የተሞላ ስለሆነ ስትተኩስ ነጭ ጭስ ከፊትህ ቡልቅ ይላል። አንተ የመታኸውን አታይም፤ ማዶ ያለው መትረየስ ተኳሽ ግን የት እንዳለህ አወቀ። አባባ «ተኩሰህ እዚያው ከቆየህ አለቀልህ» ይሉን ነበር። ተኩሶ ወዲያው ወደሚቀጥለው ቋጥኝ ነው።

ቤልጅግ ሌላ ነው። 7.92 ሚሊ ሜትር፣ አምስት ጎራሽ፣ ጭሱ የማይታይ። መንግሥት ከቤልጅየም እያስመጣ ክብር ዘበኛን ያስታጠቀበት ጠመንጃ ነው። ልጆችህ አንድ ነገር ብቻ ግዙ ቢባሉ እኔ እሱን እላቸዋለሁ። ግን ከቤልጅጉ በፊት ጥይቱን ይቁጠሩ። የኛ ጦር ትልቁ ችግር የመሣሪያው ዓይነት መብዛቱ ነበር። ከየአገሩ የተገዛ፣ የተሸለመ፣ የተማረከ ነው። ጎን ለጎን የተሰለፉ ሁለት ወንድማማቾች ጥይት መበዳደር አይችሉም፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ ጨዋታው ላይ አንድ ዓይነት ጠመንጃ፣ አንድ ዓይነት ጥይት የገዛ ቡድን፣ ከየዓይነቱ ጥቂት ጥቂት ከለቃቀመው ቢበልጥ ተገቢ ነው።

አሁን ጨዋታውን ከ1928 በኋላም ቀጥለው። ንጉሡ ወጥተዋል። መንዝ፣ ተጉለት፣ ቡልጋ ላይ የሸፈተ ሰው ጥይት የሚልክለት መንግሥት የለም። ቤልጅግም ቢሆን ጥይቱ ካለቀ ዱላ ነው። በመኪናና በበቅሎ ጥይት ወደኛ ተራራ የሚያመጣው ጣሊያን ብቻ ነበር። ስለዚህ የጣሊያን ወታደር የሚይዘው 6.5 ሚሊ ሜትሩ ጠመንጃ ተፈላጊ ሆነ። ከውጅግራ ጋር ሲተያይ ጥይቱ ቀጭን ነው፤ ግን ይገኛል። አንድ የጣሊያን ምሽግ ወይም አጀብ ከተመታ ለወራት የሚሆን ጥይት ይገኛል።

ልጆቹ እንዲያውቁት የምፈልገው አንድ ጥቃቅን ነገር አለ። የጣሊያኑ ጠመንጃ ስድስት ጥይት ይጎርሳል፤ ጥይቶቹ የሚገቡት ግን በቀጭን የብረት መያዣ እንደታሰሩ ነው። የመጨረሻው ጥይት ከአፈሙዙ ጀርባ ሲገባ ባዶው መያዣ ከሆዱ ሥር ቀጭ ብሎ ይወድቃል። ጣሊያኑ ትቶት ይሄዳል። አባባ ግን ውጊያው ሲበርድ ሣር ለሣር እየዳበሱ ይለቅሙት ነበር፤ ያለ እሱ ጠመንጃው በአንድ ጊዜ ስድስት አይጎርስማ። ብሬዳ የሚባለው ቀላል መትረየሳቸውም ያንኑ 6.5 ጥይት ነው የሚበላው። ይሄ ለአርበኛ ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ የተማረከ ሣጥን ሁለቱንም ይቀልባል። ብሬዳው ግን አስቸጋሪ ነው። ጥይቱን ዘይት እየቀባ ነው የሚያጎርሰው። በዘይቱ ላይ አቧራ ሲጣበቅበት ይነክሳል፣ ይቆማል። የበጋውን የመንዝ አቧራ ለምታውቅ አልነግርህም።

ደግሞ አደራ፣ ዘረትን ሳታነሳ እንዳታልፍ። በሚያዝያ 1931 እዚህ እኛው አገር፣ ዋሻ ውስጥ ከነቤተሰቦቻቸው በተጠለሉ አርበኞች ላይ ጣሊያን የሰናፍጭ ጋዝ ተጠቅሟል። እ.ኤ.አ. በ1925 ጄኔቫ ላይ የተፈረመው ውል ይህን ይከለክል ነበር፤ ጣሊያንም ፈርማበታለች። ስለዚህ ከምትሸጥላቸው ዕቃ መካከል የጋዝ ጭምብልና መድኃኒት ይኑርበት። ማን እንደሚገዛው እይ።

ሹፌሩ ከደብረ ብርሃን፦

የታንኩን ለኔ ተዉት። ታሪክ የማነበው ለራሴ ነው፤ ሥራዬ ከባድ መኪና ነው፣ በደሴ መስመር።

የጣሊያኑን ታንክ ሰው ሁሉ ትልቅ አድርጎ ያስበዋል። በ1928 በብዛት ያመጡት ትንሹ ነው፤ ክብደቱ 3 ቶን ገደማ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ30። አጠገቡ ብትቆም ደረትህ ጋ ይደርሳል። ውስጡ ሁለት ሰው ተጠጋግቶ ይቀመጣል። ከላይ የሚዞር ማማ የለውም። መትረየሱ ወደ ፊት ነው የተተከለው፤ ወደ ግራና ቀኝ የሚዞረው ጥቂት ነው። ከኋላ የመጣብህን ለመምታት ታንኩን ራሱን ማዞር ግድ ነው። በጠባብ መንገድ ደግሞ አይዞርም። በታኅሣሥ 1928 ደምበጉና ላይ የራስ እምሩ ሰዎች ይህን ዓይተው ነው ከጎንና ከኋላ ዘልቀው እላዩ ላይ የወጡበት። ብዙዎቹ ታንኮች እዚያው ቀሩ። ለሜዳ ጥሩ ይሆናል። ለገደል ግን ይህን ታንክ አልገዛም።

እኔ የምገዛው ደማሚት ነው፣ ከሚያጠምድ ባለሙያ ጋር። ምክንያቱም ጣሊያን ያሸነፈን በመኪናም ጭምር ነው። በሚያዝያ 1928 ባዶሊዮ ከደሴ ሲነሣ ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪ ይዞ ነበር። ያ ሁሉ በአንድ መንገድ ነው የሚመጣው። ጣርማ በር ሲደርስ መንገዱ ፈርሶ ጠበቀው። መኪናው ሁሉ ቆመ፤ ወታደሩ ወርዶ ድንጋይ ሲያግዝ ከአንድ ቀን በላይ ሄደ። ጣርማ በርን ጭነት ይዞ በጉም የወጣ ሰው ይገባዋል። ከኋላህ መኪና ተደርድሮ፣ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው ግድግዳ የሆነ ተራራ ይዞህ ስትቆም ማምለጫ የለህም። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት እጩ መኮንኖች ከስዊድናዊው መኮንን ከታም ጋር ያንን በር ሊከላከሉ ወጥተው ነበር። ወጣቶች ናቸው፣ ቁጥራቸውም መሣሪያቸውም አነስተኛ ነው። በሩን ሊይዙት አልቻሉም።

የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። የፈረሰ መንገድ ከላዩ የሚተኩስ ከሌለ ይጠገናል። ሁለት መድፍና የሚበቃ ጥይት ከላይ ቢኖር ያ ሰልፍ ስንት ቀን ይቆም ነበር? ክረምቱ እኮ እየቀረበ ነበር። ስለዚህ መምህር፣ ደማሚት የገዛ ቡድን ቦታውን የሚጠብቅበትም ገንዘብ አስቀርቶ እንደሆነ ጠይቀው።

የቀድሞ ባሕረኛ፣ ሸዋ ሮቢት፦

ሰርጓጅ መርከብ ያለችውን ልጅ አመስግንልኝ። በወጣትነቴ ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ አገልግያለሁ፤ ልጅቷ የያዘችው ቁም ነገር ነው። የጣሊያን ወታደር፣ ስንቅና መኪና የመጣው በባሕር ነው፣ በስዊዝ በኩል። የሚያግደው ቢኖር ኖሮ ጦርነቱ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

ችግሩ ወደብ ነው። ያኔ ጂቡቲ የፈረንሳይ፣ በርበራ የእንግሊዝ፣ ምጽዋና አሰብ የጣሊያን ናቸው። ሰርጓጅ መርከብ ነዳጅ፣ ቶርፔዶ፣ የጥገና ቦታና ለዓመታት የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። የት አሳርፈነው? ጠመንጃው እንኳ የሚገባው ጎረቤት ሲፈቅድ ነበር።

ለጣሊያኖቹ ራሳቸውም ቀይ ባሕር ቀላል አልሆነላቸውም። «አድዋ» ብለው የሰየሙት አንድ ዓይነት ሰርጓጅ ነበራቸው፤ 17 ሠርተዋል። ስማቸውን ስትሰማ ደምህ ይፈላል፦ አክሱም፣ ደሴ፣ ጎንደር፣ ተምቤን፣ አላጌ፣ መቀሌ። በሰኔ 1932 ጣሊያን እንግሊዝ ላይ ጦርነት ስታውጅ ምጽዋ ላይ ዓይነታቸው የተለያየ በጠቅላላ ስምንት ሰርጓጅ ነበራት። «መቀሌ» በወጣ በጥቂት ቀን ውስጥ የአየር ማቀዝቀዣው ጋዝ አፈሰሰ። ሜቲል ክሎራይድ ይባላል፤ ይመርዛል፣ አእምሮም ያስታል። ባሕረኞቹ ተመርዘው መርከቡ ሱዳን ጠረፍ አጠገብ ካለች ደሴት ጋ ተላትሞ ጠፋ። «ጋሊሌይ» የሚባለውን ደግሞ የእንግሊዝ መሣሪያ የተጫነበት የዓሣ ማጥመጃ ዓይነት ጀልባ ኤደን አካባቢ ማረከው። በዚያው በሰኔ አራቱ አለቁ። የቀሩት አራቱ ምጽዋ ልትያዝ ስትል በየካቲት 1933 ወጥተው፣ አፍሪካን ዞረው ፈረንሳይ ቦርዶ ገቡ። ለሌላ ባሕር የተሠራ ዕቃ በዚያ ሙቀት ውስጥ ስትዘጋው ምን እንደሚሆን እኔ የሞተር ክፍል ውስጥ ስለሠራሁ አውቀዋለሁ።

የደብረ ሲናው መምህር፦

እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ መንዜው፣ የጥይቱን ሕግ ዛሬውኑ አስገባሁት፤ ከ1928 በኋላ ጥይት የሚገኘው ከጠላት ብቻ ነው። ጋሼ ባሕረኛ፣ የርስዎን ለልጅቷ አነበብኩላት። የ«መቀሌ»ን ነገር ስትሰማ ለክበቡ እሷ ራሷ እንድታቀርበው ጠየቀችኝ።

አውሮፕላን ለመረጡት የነገርኳቸው ይህን ነው። የመጀመሪያው ፖቴዝ አዲስ አበባ ያረፈው በነሐሴ 1921 ነው። በ1928 የነበሩን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ የጣሊያን በመቶ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ያ ቡድን ፀረ አውሮፕላን መትረየስ ወደ መግዛቱ ዞሯል። ደሴ በተደበደበች ጊዜ ንጉሡ ራሳቸው መትረየስ ይዘው የተነሡትን ፎቶ ግድግዳ ላይ ለጥፈዋል።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ከኋላ የሚቀመጥ ዝምተኛ ልጅ «ሬዲዮ እንግዛ፤ ጣሊያን የኛን መልእክት ሲጠልፍ ነበር አይደል?» አለኝ። መጥለፋቸው እውነት ነው። በመገናኛ ክፍል የሠራችሁ ካላችሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ምን ልንገረው?