የድንጋይ ካባ ሥራ፦ የድሪል ረዳት ሆኜ ከመግባቴ በፊት ምን ልወቅ? (ኮምቦልቻ)

ጥያቄ፦ የቦርከና ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ በሐረጎ በኩል ካለ የጥቁር ድንጋይ ካባ ሥራ አግኝቻለሁ። ድንጋዩ ለክሬሸር ነው። ዕድሜዬ 22 ነው፤ እስካሁን ግንባታ ላይ የቀን ሥራ ነበርኩ። የተነገረኝ ሥራ ሦስት ነው፦ ከድሪል ኦፕሬተሩ ጋር መሰርሰር፣ ፈንጂ በሚሞላበት ቀን ለብላስተሩ (ፈንጂ ለሚያፈነዳው ባለሙያ) ማቀበልና ቀዳዳ መድፈን፣ ሲፈነዳ መንገድ መጠበቅ። ምን ትጥቅ ልጠይቅ? "ይሄን አልሠራም" ማለት ያለብኝስ የቱን ነው? ደግሞ አንድ ቀዳዳ ሳይፈነዳ ቢቀር ስንት ደቂቃ ይጠበቃል? አንዱ 15 ይላል፣ አንዱ ግማሽ ሰዓት፣ አንዱ አንድ ሰዓት። የቱን ልመን?

ድሪለር ደሴ

አብሽር ወንድሜ። የፈንጂውን ለሌሎቹ ትቼ ስለ ድሪሉ ልንገርህ፤ ረዳት በየቀኑ የሚጋፈጠው እሱን ነውና።

መጀመሪያ የአየር ጎማውን እይ። ከኮምፕሬሰሩ የሚመጣው አየር ግፊቱ 7 ባር ገደማ ነው፤ መጋጠሚያው ድንገት ከተፈታ ጎማው እየተወናጨፈ አጥንት ይሰብራል። በየመጋጠሚያው የሚታሰር የብረት ገመድ ወይም ሰንሰለት መኖር አለበት። በተራ ሽቦ የተጠመጠመ መጋጠሚያ ካየህ ሥራ ሳይጀመር ለኦፕሬተሩ ተናገር። ጎማ ከመፈታቱ በፊት ቫልቩ በኮምፕሬሰሩ በኩል ይዘጋል፣ ጎማው ውስጥ የቀረው አየርም ይለቀቃል። ጎማውን አጥፎ አየር ማቆም አይሞከርም። በዚያ አየር ልብስህን ከአቧራ አታራግፍ፤ በቁስል ወይም በጆሮ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል።

ዘንጉ በሚሽከረከርበት ጊዜ ሻርፕ፣ ነጠላ፣ የተንጠለጠለ ገመድ፣ ያልተቆለፈ እጅጌ አጠገቡ አይደርስም። ዘንግ የሚቀየረው መሽከርከሩ ፈጽሞ ቆሞ ኦፕሬተሩ በእጁ ምልክት ሲሰጥህ ነው። አቋቋምህንም ልብ በል፦ በድሪሉና በገደሉ ጠርዝ መካከል አትግባ፣ ለጠርዙም ጀርባህን አትስጥ።

ለጆሮ፦ ድሪል አጠገብ ድምፁ ከ100 ዴሲቤል ይበልጣል። 85 ዴሲቤል 8 ሰዓት የሚቻል ከሆነ 100 ዴሲቤል የሚቻለው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የጆሮ መድፈኛውን በጣትህ አጥብቀህ አሽተው፣ በሌላው እጅህ ጆሮህን ወደ ላይ ሳብ፣ አስገባው፣ እስኪነፋ ያዘው። እንዲያው ጫፉን ብቻ ጣል ካደረግኸው አይጠቅምም።

ለአቧራ፦ ድሪሉ ውሃ የሚረጭ ወይም አቧራ የሚሰበስብ ዕቃ ሊኖረው ይገባል። ጥቁሩ ድንጋይ ባዛልት ነው፤ ሳንባ የሚጎዳው ሲሊካ በውስጡ ጥቂት ነው። በወሎ ተራሮች ያለው ነጣ ያለው ራዮላይት ግን ብዙ አለው፣ ካባው ሁለቱንም ከነካ አደጋው ይጨምራል። ጭምብሉ ኤን 95 ወይም ኤፍኤፍፒ 2 ይሁን። ሻሽም የሐኪም ቤት ጭምብልም ደቃቁን አቧራ አያስቀሩም። ጺም ካለህ ጭምብሉ ፊትህ ላይ አይገጥምም።

ሴፍቲ ኮምቦልቻ

ከመግባትህ በፊት ውሉን በጽሑፍ ጠይቅ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የጽሑፍ ውል ባይደረግ እንኳ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራ ሁኔታውን የሚገልጽ ደብዳቤ መስጠት አለበት። በደብዳቤው ላይ "የቀን ሠራተኛ" ብቻ እንዳይባል፤ ድሪል ረዳትና የፍንዳታ ረዳት መሆንህ ይጻፍ፣ ጉዳት ቢደርስ ያኔ ክርክር ይቀንሳል። የደህንነት ትጥቅ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው፣ ከደመወዝህ አይቆረጥም፦ ሄልሜት፣ መነጽር፣ የጆሮ መድፈኛ፣ ጭምብል፣ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ ጣቱ ብረት ያለው ጫማ። ለሕይወትህ የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን አሠሪው እያወቀ ካላስተካከለ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ መልቀቅ መብትህ ነው። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ጓደኛህ አብሬ ልግባ ቢልህ በፍጹም አይሆንም።

ብላስተር

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ብላስተሩ ፈቃድ እንዳለው እወቅ። ያንተ ሥራ የሚሰጥህን መቀበል፣ ያሳየህን ማድረግ ነው። ዴቶኔተር (ፈንጂውን የሚያስነሳው ትንሽ ማቀጣጠያ) የሚነካው እሱ ብቻ ነው፤ "እስቲ እነዚህን ያዝልኝ" ቢልህ እንኳ አልይዝም በል። ዴቶኔተርና ፈንጂ በአንድ መኪና አይጫኑም፣ በአንድ ክፍል አያድሩም፣ በአንድ ሰው እጅ አይያዙም።

በሙሌት ሰዓት በ15 ሜትር ዙሪያ ሌላ ሥራ አይኖርም፤ ድሪሉም ሎደሩም ይቆማል። ስልክ ጠፍቶ ከቦታው ይርቃል። ሲጋራ ከነክብሪቱ መግቢያው ላይ ይቀራል። መጠቅጠቂያው እንጨት ወይም ፕላስቲክ ነው፣ ብረት ፈጽሞ አይሆንም። ፈንጂው መሃል ላይ ከተቀረቀረ አትግፋው፣ ብላስተሩን ጥራ።

መድፈኑ ቀላል ይመስላል፣ ድንጋይ ሩቅ የሚወረወረው ግን አብዛኛውን ጊዜ በመጥፎ ድፍን ነው። ቀዳዳው አፍ ላይ የተከመረውን የድሪል ዱቄት መልሶ መክተት የብዙ ካባ ልማድ ነው። ዱቄቱ አይይዝም፣ እንደ ጠመንጃ ጥይት ተተፍቶ ይወጣል። ጥሩ የሚይዘው ጠርዝ ያለው የክሬሸር ጠጠር ነው፣ መጠኑም የቀዳዳው ስፋት አንድ አሥረኛ ገደማ። ለ76 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ 8 ሚሊ ሜትር ጠጠር ይበቃል። ጠጠሩን በቀስታ ጨምር፣ ከቀዳዳው የሚወጣውን የዴቶኔተር ቱቦ ወይም ሽቦ አትቁረጠው፣ አትጎትተው፣ ድንጋይም አታስደግፍበት።

ሲያልቅ ቆጠራ አለ፦ የመጣው፣ የገባው፣ የተመለሰው። ካልገጠመ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ባዶ ካርቶኑና ከረጢቱም ይቆጠራል። ለማገዶ ወይም ለእህል መያዣ ብለህ ቤት አትውሰድ፤ ቅሪት ይኖርበታል።

የቦርከና ልጅ

አላህ ይስጥልኝ። አንድ ነገር ግን አስጨነቀኝ። ፎርማኑ "ከፍንዳታ በኋላ መሬት ላይ የሚቀሩትን ጎድጎድ ያሉ ቀዳዳዎች በዚያው ቀጥለን እንሰረስራለን፣ ግማሹ ተሰርስሯል" አለኝ።

ብላስተር

አልሠራም ማለት ያለብህ ይሄ ነው! ለማንም ብለህ አታድርገው። የቀረው ጎድጓዳ ሥሩ ላይ ያልፈነዳ ፈንጂ ወይም ዴቶኔተር ሊኖር ይችላል፤ የድሪሉ ጥርስ ሲመታው ይፈነዳል፣ ፊት ለፊቱ ያለው ደግሞ ኦፕሬተሩና ረዳቱ ነው። ድሪሉ ከመቅረቡ በፊት ብላስተሩ እያንዳንዱን ቅሪት ያያል፣ በቀለም ይከበባል። አዲሱ ቀዳዳ ከእሱ ርቆ፣ ወደ እሱም ሳያዘነብል ይሰረሰራል። ርቀቱን የሚወስነው ብላስተሩ ነው፣ ፎርማኑ አይደለም። የሚተርፈው ጥቂት ሜትር ቁፋሮና ትንሽ ነዳጅ ነው፣ ለዚህ ሰው አይሞትም።

ስለ ደቂቃው፦ የሰማኸው ሁሉ መነሻ አለው፣ የሚለያየው በደንቡና በማቀጣጠያው ዓይነት ነው። የአሜሪካ የማዕድን ደንብ ሳይፈነዳ የቀረ አለ ተብሎ ሲጠረጠር ወደ ፍንዳታው ቦታ ለመግባት በክር (በእሳት በሚለኮስ የፈንጂ ገመድ) ለሚቀጣጠል 30 ደቂቃ፣ ለኤሌክትሮኒክ 30፣ ለሌላው 15 ይላል። የግንባታ ደንባቸው ደግሞ በክር የተቀጣጠለ ቀዳዳ ሳይፈነዳ ከቀረ ቢያንስ 1 ሰዓት ያስጠብቃል፣ ክር ውስጥ ለውስጥ እየተንቀረፈፈ ዘግይቶ ሊደርስ ስለሚችል። እናንተ ካባ የተጻፈ ደንብ ካለ እሱን ያዝ፤ ሁለት ቁጥር ከሰማህ ረጅሙን ውሰድ። ከዚያም በኋላ የሚገባው ብላስተሩ ነው። አንተ ባለህበት ትቆያለህ።

የከሸፈ (ሳይፈነዳ የቀረ) ቀዳዳ መኖሩን የሚያሳዩት፦ ያልተነሳ መሬት፣ ድፍኑ እንዳለ ያለ ቀዳዳ፣ በፍርስራሹ መካከል ባለ ቀለም ቱቦ ወይም ሽቦ። ሎደሩ እየጫነ እንዲህ ያለ ነገር ካየህ እጅህን አንሥተህ አስቁመው። ወደ ክሬሸር ከወረደ እዚያ ያሉት ናቸው የሚጎዱት።

ሴፍቲ ኮምቦልቻ

ሲፈነዳ መንገድ መጠበቁን አታቃልለው። ብዙ ካባ ለሰው 500 ሜትር ያርቃል፤ ያንተን ቦታ የሚወስነው የፍንዳታው ዕቅድ ነው። ሐረጎ ላይ መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ከኩርባው ጀርባ የሚመጣው መኪና አይታይህም፣ በሁለቱም በኩል ሰው ይቁም። የእረኛና የእግር መንገዱንም ቁጠር። በባቲ መንገድ በኩል ያለ ካባ ከሆነ ሰኞ የገበያ ቀን ነው፣ ሰውና ግመል ይበዛል፣ ፍንዳታው ወደ ሌላ ቀን ቢዛወር ይሻላል። ሳይረኑን እወቀው። የተለመደው አንዱ ሥርዓት ፍንዳታው ሊቀርብ 5 ደቂቃ ሲቀረው ረጃጅም፣ 1 ደቂቃ ሲቀረው አጫጭር፣ ተፈትሾ ሲያልቅ ደግሞ አንድ ረጅም ነው። ፍንዳታ ስለሰማህ ብቻ መንገድ አትክፈት፤ በሬዲዮ በስምህ ተጠርተህ ስትፈቀድ ነው።

ነርስ ደሴ

በጭሱ ላይ ልጨምር። ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ጭስ ካያችሁ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከነፋሱ ወደ ጎን ራቁ። የሳበው ሰው ትንሽ ካሳለ በኋላ ደህና ነኝ ይላል፣ ሳንባው ውሃ የሚቋጥረው ግን ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግሥቱ ነው። ስለዚህ ደህና ቢሆንም ያኔውኑ ሆስፒታል ይሂድ፣ "ከፍንዳታ የወጣ ቢጫ ጭስ ስቤያለሁ" ብሎ በግልጽ ይናገር። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጭሱ ስለጠፋ አየሩ ጠርቷል ማለት አይደለም። ናይትሮግሊሰሪን ያለበት ደማሚት ከሆነ በቆዳ ገብቶ ራስ ያማል፣ ጓንት አውልቃችሁ አትንኩት፣ ሳትታጠቡ እንጀራ አትቁረሱ።

ድሪለር ደሴ

አንድ የረሳሁት፦ አፈር ስትገፉ የዛገ ጥይት፣ የመድፍ ቅርፊት ወይም ቦምብ ከወጣ (ከ2014ቱ ጦርነት የቀረ ይገኛል) ብላስተሩም ቢሆን አይነካውም። ቦታውን ከርቀት ምልክት አድርጉበት፣ ራቁ፣ ለፖሊስ አሳውቁ።

የቦርከና ልጅ

የመጨረሻ ጥያቄ፣ ተሞልቶ ሳለ መብረቅ ቢመጣስ? ክረምቱ ደርሷል።

ብላስተር

ሙሌት ወዲያው ይቆማል፣ ሁሉም ሰው ሊፈነዳ ሲል እንደሚርቀው ይርቃል፣ መንገዱም ይዘጋል። ኤሌክትሪክ የሌለው ዴቶኔተር ከሆነም ያው ነው፣ መብረቅ ያንንም ያፈነዳል። መለኪያው ይህ ነው፦ ብልጭታውን ካየህ በኋላ ቁጠር፣ ነጎድጓዱ ከ30 ሴኮንድ በፊት ከተሰማ 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፣ ውጡ እስክትባሉ ሳትጠብቁ ውጡ። የሚመለሰው የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ ከ30 ደቂቃ በኋላ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚመጣ ሙሌቱ በማለዳ ተጀምሮ ከምሳ በፊት እንዲፈነዳ አስቀድመህ ብላስተሩን ጠይቀው።