በእጄ የሰራሁት ቤዝ ጊታር ገዢ አገኘ፣ አንገቱ ግን ጎበጠ። ልሽጠው?

የከዚራ ቤዝ፦
ሰላም ሰላም። ያለሁት ድሬ ነው። ቀን ቀን ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ላይ ቤዝ እጫወታለሁ። ባንዳችን ትንሽ ናት፤ ድራም፣ ኪቦርድ፣ ሊድና እኔ። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪ፣ ያዘዙንን እንጫወታለን። እዚህ በአንዱ ብቻ ሰርግ አይያዝም።

ቤዝ ሰርቻለሁ። አካሉ ከድሮ ቁም ሳጥን በር የወጣ ዋንዛ ነው። አንገቱም ዋንዛ፣ ፍሬት ቦርዱ (ፍሬት የሚባሉት ቀጫጭን ብረቶች የተደረደሩበት፣ ጣት የሚያርፍበት ገጽ) ወይራ። ፒካፑን (የክሩን ድምፅ የሚይዘውን)፣ ብሪጁን (ክሩ ታች በኩል የሚያርፍበትን)ና መቃኛዎቹን ከተሰበረ የቻይና ቤዝ አወጣኋቸው። የክሩ ርዝመት፣ ከነቱ (ጭንቅላቱ ስር ካለው የክር ማረፊያ) እስከ ብሪጁ፣ 34 ኢንች ነው። ድምፁ አቦ ሌላ ነው፣ ሞንታርቦ ድምፅ ማጉያ ላይ ስሰካው የኛ ኪቦርዲስት ራሱ ዞር ብሎ አየኝ። ይህ ሰውዬ ዞሮ አይቶኝ አያውቅም።

አሁን አንድ የሐረር ልጅ ሰርግ ላይ ሰምቶት ካልሸጥክልኝ እያለ ነው። ቸርች ውስጥ ከኳየር ጋር ይጫወታል። 18 ሺህ ብር ብሎኛል። ችግሩ አንገቱ ወደ ክሩ ጎብጧል። 12ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መሃል ትንሿ ጣት ልትገባ ምንም አልቀራት። ብሪጁን ዝቅ ሳደርገው ደግሞ ላይኛዎቹ ፍሬቶች ዝዝዝ ይላሉ። አንገቱ ውስጥ የሚያቀናው ብረት የለውም። የድሬ ሙቀት ነው ወይስ እንጨቱ? እንዲሁ ልሽጠው ወይስ ምን ላድርግ? ዋጋውስ?

ጀጎል ማዶ፦
ወንድሜ እንኳን ሰራኸው። እኔ ሐረር ነኝ፣ ሊድ ጊታር ነው የምጫወተው። እንዲሁ አትሽጠው። ልጁ ዛሬ በደስታ ይዞት ይሄዳል፣ ወር ሳይሞላው ይደውልልሃል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ደረቅና ሞቃት ከተማ ናት፣ ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፣ ብርድም ዝናብም ታውቃለች። እንጨት ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፣ አየሩ ሲደርቅ ደግሞ ይተፋል። መንገዱ በሚኒባስ አጭር ነው፣ ለእንጨቱ ግን አገር መቀየር ነው። እኔ ራሴ ከድሬ የገዛሁትን ጊታር በክረምት እንደገና ነው የማስተካክለው፤ የኔ ግን ውስጡ ብረት ስላለው በቁልፍ ሩብ ዙር አዙሬ እገላገላለሁ። ያንተን በምን ያዞረዋል?

ዝም ያለ ቤዝ፦
እኔ አልስማማም። ልጁ አይቶታል፣ ነክቶታል፣ ሰምቶታል። በእጅ የተሰራ መሆኑንም ያውቃል። ችግሩን በግልጽ ንገረው፣ ከዋጋው ትንሽ ቀንስለትና ሽጠው፣ በብሩ ሁለተኛውን ስራ። እዚህ አገር ሰው አንድ ነገር ሰርቶ ፍጹም እስኪሆን አልጋ ስር ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ አይጥ ይበላዋል።

ቶርኖ ቤት፦
ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬ ገፋ ያለ ነው፤ ድሬ በምድር ባቡር ወርክሾፕ ብረት ሲቆረጥ እያየሁ ነው ያደግሁት፣ ወጣት ሳለሁም ቤዝ ተጫውቻለሁ። ሙቀቱን ተወው። ሙቀት ያግዛል እንጂ ዋናው እሱ አይደለም። አራቱ የቤዝ ክሮች ተወጥረው ሲቃኙ በድምሩ ከ70 እስከ 80 ኪሎ ይጎትታሉ። አንድ ጎልማሳ ሰው ቀንና ሌሊት አንገቱ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ እንደማለት ነው። ዋንዛ ለስላሳና ቀላል እንጨት ነው፤ ለአካል ግሩም ነው፣ ከበሮም ይሰራበታል፣ ሲላግ ደስ ይላል፣ ያንተ ደግሞ ከድሮ በር ስለወጣ በደንብ ደርቋል። ለአንገት ግን ብረት ሳይገባበት አይችልም። ፋብሪካዎቹ እንኳ ሜፕል የሚባለውን ጠንካራ እንጨት ተጠቅመው ብረት የሚጨምሩት ለዚህ ነው።

ሁለት መንገድ አለህ። አንደኛው፣ የዚያ የተሰበረው የቻይና ቤዝ አንገት የት ሄደ? ደህና ከሆነ እሱን ግጠመው። አለቀ። ሁለተኛው፣ አዲስ አንገት መስራት። ያን ጊዜ 34 ኢንቹን ተወውና 30 ኢንች አድርገው። የክር ውጥረት ከርዝመቱ ካሬ ጋር ነው የሚሄደው፤ በዚያው ክርና በዚያው ቅኝት 30 ኢንች ላይ 22 ከመቶ ያህል ይቀንሳል። ፖል ማካርትኒ የሚጫወትባት ቫዮሊን የምትመስለው ሆፍነር 30 ኢንች ናት፣ ማንም ድምፅ አነሳት አላላትም። ወፍራሙ ክር ትንሽ ይላላል፣ እሱን ወፈር ያለ ክር በመግዛት ታካክሰዋለህ።

የከዚራ ቤዝ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! የቻይናው አንገት ከጭንቅላቱ ስር ነው የተሰበረው፣ ኮላ አይዘውም። ስለዚህ አዲስ አንገት ልሰራ ነው። ብረቱን ከየት ነው የማመጣው? አዲስ አበባም ጠይቄ አጣሁ። ፍሬቶቹንስ ለ30 ኢንች እንዴት ነው የምለካቸው? የድሮውን ከቻይናው ላይ ነው የገለበጥኩት።

ቶርኖ ቤት፦
ብረቱ እንጀራችን አይደል እንዴ። 5 ሚሊ ዘንግ ትገዛለህ፣ ቶርኖ ቤት ሄደህ አንዱን ጫፍ ፊሌቶ (የብሎን ጥርስ) ታስወጣለታለህ፣ ሌላኛውን ጫፍ ወፍራም ቁራጭ ብረት ላይ ታስበይደዋለህ፣ እዚያው እንጨቱ ውስጥ ተቀብሮ እንዳይዞር። ፊሌቶው በኩል ሮንዴላና ዳዶ። ዋናው ነገር ቦዩ ነው። ቀጥ ያለ እንዳይሆን፤ መሃሉ ላይ ወደ አንገቱ ጀርባ ጠለቅ ይበል። ክሩ አንገቱን ወደ ፊት ሲስበው ዳዶውን ስታጠብቅ ብረቱ ጀርባውን ጨምቆ ይመልሰዋል። ቦዩ ቀጥ ካለ ዳዶውን እስኪበጠስ ብታጠብቀው ያን ያህል አይሰራልህም። ዘንጉን በቀጭን ፕላስቲክ ቱቦ አልብሰው፣ ኮላ እንዳይዘው፣ እንዳይንጫጫም። እንጨቱን ደግሞ ሦስት ቦታ ሰንጥቀህ መሃለኛውን ገልብጠህ አጣብቀው፣ አንዱ ሊጣመም ሲል ሌላው ይይዘዋል።

ፍሬቱ ሒሳብ ነው። 30 ኢንች ማለት 762 ሚሊ ነው። ለ17.817 አካፍለው፣ 42.77 ይመጣል። ከነቱ እስከ መጀመሪያው ፍሬት ያ ነው። የቀረውን እንደገና ለ17.817 አካፍል፣ ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው ያ ነው፣ እንዲህ እያልክ ትወርዳለህ። 12ኛው ላይ ስትደርስ ልክ ግማሹ፣ 381 ሚሊ ካልመጣ ሒሳቡ ተበላሽቷል ማለት ነው። ምልክቱን ስታደርግ እያንዳንዱን ከነቱ ጀምረህ ለካ። ከፍሬት ፍሬት እየዘለልክ ከለካህ ትንሿ ስህተት ትጠራቀማለች።

ጀጎል ማዶ፦
ጋሼ ይሄን ፎቶ አንስቼ ግድግዳ ላይ ነው የምለጥፈው። አንድ ነገር ልጨምር። ስትጨርስ አንገቱን የምታየው እንዲህ ነው፦ ወፍራሙን ክር የመጀመሪያው ፍሬት ላይ በአንድ እጅ፣ የመጨረሻው ላይ በሌላ እጅ ያዝ። ያኔ ክሩ ራሱ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ይሆንልሃል። 7ኛው ወይም 8ኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መሃል የቢዝነስ ካርድ ውፍረት ያህል ክፍተት ይኑር፣ 0.3 ሚሊ ገደማ። ከዚያ ከበለጠ ዳዶውን ሩብ ዙር አጥብቅና ደግሞ ቃኝተህ እይ። ሁለት ዙር በአንዴ አይባልም።

ዝም ያለ ቤዝ፦
እሺ ተሸነፍኩ፣ አንገቱን ቀይር። ግን አሮጌ ብሪጅ ለ34 የተገጠመ ስለሆነ ቦታው ይቀየራል፣ ያን አትርሳ፤ አለዚያ 12ኛው ላይ ያለው ድምፅ ከባዶው ክር ጋር አይገናኝም። የድሮው ቀዳዳ በዋንዛ ፍቅፋቂና በኮላ ይደፈናል። ፒካፑ በብሪጁ እና በአንገቱ መሃል የት ላይ እንደሚያርፍም አስብበት፣ ወደ አንገቱ ሲጠጋ ወፍራምና ደብዛዛ ይሆናል፣ ወደ ብሪጁ ሲጠጋ ይጠራል ግን ይቀጥናል። ለችክችካ እኔ መሃሉን ነው የምወደው፣ ስድስቱ ምት ውስጥ ቤዙ ካልጠራ ከበሮው ይውጠዋል።

ዋጋውን በተመለከተ፣ የጉልበትህን ሰዓት አትቁጠርበት፣ ማንም አይከፍልህም። የሱቁን ርካሽ ቤዝ ዋጋ ጠይቅና ከዚያ ትንሽ ዝቅ በል። ስምህ ሲወጣ ትጨምራለህ። ኳየሮች ደግሞ ጥሩ ደንበኞች ናቸው፣ አንዱ ቸርች ከወደደው ሌላውም ይመጣል።

የከዚራ ቤዝ፦
ልጁን ደውዬ ነገርኩት። ይጠብቃል፣ እንዲያውም 30 ኢንቹን ወደደው፣ እጁ ትንሽ ናት። ቀብድ ልስጥህ ቢለኝ እምቢ አልኩ፣ አንገቱ ቀጥ ብሎ ሳላይ የሰው ብር አልይዝም። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ሰርግ ቤት ስሰካው እንንን የሚል ድምፅ አለው፣ ክሩን በእጄ ስነካው ይጠፋል። ፒካፑ ነው?

ዝም ያለ ቤዝ፦
ሬዲዮ ጠጋኝ ሆነህ ይሄን ትጠይቃለህ? ክሩን ስትነካው ከጠፋ ከብሪጁ ስር ወደ ጃኩ አካል የሚሄደው የመሬት ሽቦ አለ ማለት ነው፤ የጎደለው መከለያ ነው። ካውያህን አሙቅ። ከዚያም ፒካፑ የተቀመጠበትን ጉድጓድ በመዳብ ወይም በአልሙኒየም ፎይል ልበጠውና ከዚያው መሬት ጋር አገናኘው። ሚክሰር ላይ በቀጥታ ስትሰካም ድምፁ ይሞታል፣ ዲ አይ ቦክስ (የቤዙን ሲግናል ለሚክሰሩ የሚያመቻች ትንሽ ሳጥን) ከተገኘ በእሱ በኩል ግባ።

ቶርኖ ቤት፦
ቶርኖ ቤት ስትሄድ ዳዶውንም ይዘህ ሂድ፣ ፊሌቶው በእሱ ልክ ይውጣ። ቁልፉ እንዲገባም የዳዶው ጭንቅላት ከአንገቱ ውጪ ይቅር፣ አለዚያ ልጁ በክረምት ሊያስተካክል ሲል አንገቱን ሊፈታ ነው።

የከዚራ ቤዝ፦
ሐሙስ እሄዳለሁ። ፎቶ እለጥፋለሁ።